ራዳር የውቅያኖስን ጅረትና ግንባር የሚያነበው እንዴት ነው?

ከጠፈር በራዳር የተነሳ የባሕር ምስል ቀለም የለውም፤ ግራጫ ብቻ ነው። በዚያ ግራጫ ሜዳ ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀጭን ብሩህ መስመር እየተጠማዘዘ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ሲዘልቅ፣ ከጎኑም ጥቋቁር ጥለቶች ሲከተሉት ይታያል። በመርከብ ተሳፍሮ በዚያው ቦታ የሚያልፍ ሰው መስመሩን ልብ ሳይለው ሊሻገረው ይችላል። እንዲህ ያሉ ምስሎች ይፋ ሲሆኑ «ራዳሩ ጅረቱን አየው» ወይም «ከባሕሩ ሥር ያለውን አሳየ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ራዳር ጅረትን አያይም፤ ወደ ውሃው ውስጥም አይዘልቅም። የሚያየው የባሕሩን ቆዳ፣ ያውም በሳንቲሜትር የሚለኩ ሽብሽቦቹን ነው። ጅረቱና ግንባሩ የሚታወቁት በዚያ ቆዳ ላይ ከሚተዉት አሻራ ነው። አሻራው እንዴት እንደሚታተም፣ እንዴት እንደሚነበብና የት ላይ እንደሚያሳስት ካልታወቀ ምስሉ ትርጉም አይኖረውም።

ጅረት ምንድን ነው? ግንባርስ?

በአማርኛ «ሞገድ» የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ስለሚውል አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ ማዕበል የምንለው ውሃው ከቦታው ብዙም ሳይርቅ ከፍ ዝቅ የሚልበትን እንቅስቃሴ ነው። ጅረት የምንለው ደግሞ ውሃው ራሱ አቅጣጫ ይዞ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝበትን ነው። ሞገድ የሚለውን ቃል ለራዳሩ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ እናስቀረዋለን። በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ የሚፈሰው ገልፍ ስትሪም፣ በጃፓን ጠረፍ የሚያልፈው ኩሮሺዮና በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ወደ ደቡብ የሚወርደው አጉልሃስ ከታላላቆቹ ጅረቶች መካከል ሲሆኑ፣ በብርቱ ክፍሎቻቸው በሰከንድ እስከ 2 ሜትር ይጓዛሉ።

ግንባር ደግሞ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ውሃዎች የሚዋሰኑበት ጠባብ ቀጠና ነው። አንደኛው ወገን ሞቃት ሌላው ቀዝቃዛ፣ ወይም አንደኛው ጨዋማ ሌላው ቀለል ያለ ይሆናል። የግንባሩ ስፋት ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት ሊወሰን፣ በአሥር ኪሎ ሜትሮችም ሊለካ ይችላል። በብዙ ግንባሮች ላይ የሁለቱ ወገን ውሃ ወደ መስመሩ እየመጣ ይገናኝና ከባዱ ከቀላሉ ሥር ይሰምጣል። ተንሳፋፊው ነገር ግን አብሮ መስመጥ ስለማይችል እዚያው ይከማቻል። የባሕር አረም፣ የፈሰሰ ዘይት፣ ፕላስቲክ እንዲሁም ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ሕያዋን በመስመሩ ላይ ይሰበሰባሉ። ፕላንክተን ባለበት ትናንሽ ዓሦች፣ እነሱ ባሉበትም ትላልቆቹ ይመጣሉ። ዓሣ አጥማጆች ስለ ሳተላይት ሳይሰሙ በፊት ጀምሮ ግንባር ፍለጋ የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ መሣሪያ እያለ ለምን ራዳር?

መርከብ የሚለካው ያለበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ግንባሩን ተሻግሮ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ መስመሩ ቦታውን ሊቀይር ይችላል። ከጅረቱ ጋር እየተንሳፈፉ ቦታቸውን በሳተላይት የሚያሳውቁ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች አሉ፤ ይሁንና የዓለምን ውቅያኖስ ሁሉ ለመሸፈን እጅግ ጥቂት ናቸው። ሙቀትን ከጠፈር የሚለኩ የኢንፍራሬድ ካሜራዎች ሞቃቱን ከቀዝቃዛው በሚያምር ሁኔታ ይለያሉ፤ ነገር ግን ደመና ይጋርዳቸዋል፤ ታላላቆቹ ጅረቶች የሚያልፉባቸው ባሕሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ደመናማ ናቸው። በተጨማሪም በሞቃት ወራት ፀሐይ የባሕሩን ላይኛ ገጽ እኩል ስለምታሞቀው፣ ከሥር ያለው የሙቀት ልዩነት ከላይ ይሸፈናል።

ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የተመለሰለትን ስለሚያዳምጥ ሌሊትና ቀን፣ ደመናና ጥርት ያለ ሰማይ አይለይም። ይህን ለባሕር ጥናት መጀመሪያ ያሳየው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1978 ወደ ጠፈር የተላከው የናሳው ሲሳት ሳተላይት ነው። በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት የሠራው ለሦስት ወር ተኩል ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ አጭር ጊዜ ያነሳቸው የባሕር ምስሎች በጅረት ጠርዞች፣ በአዙሪቶችና በማዕበል ረድፎች የተሞሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አውሮፓውያን በ1991 ኢአርኤስ-1ን፣ በ2002 ኤንቪሳትን፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የሴንቲኔል-1 ሳተላይቶችን አስከትለዋል።

ራዳር ውሃ ውስጥ ማየት ይችላል?

አይችልም። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ጉልበቱን ወዲያው ይጨርሳል። ለሳተላይት ራዳሮች የሚያገለግሉት ሞገዶች በባሕር ውሃ ውስጥ ከአንድና ከሁለት ሳንቲሜትር አይዘልቁም።

ታዲያ የሚመለሰው ሞገድ ከየት ይመጣል? በጨለማ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ መስታወት አስተኝተን በባትሪ መብራት ከጎን ብናበራበት፣ ብርሃኑ ወደ ፊት ነጥሮ ስለሚሄድ መስታወቱ ለእኛ ጥቁር ሆኖ ይታየናል። በመስታወቱ ፋንታ ሸካራ ጨርቅ ብናነጥፍ ግን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ከፊሉ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ምስል አንሺ ራዳርም ባሕሩን የሚያየው በጎን፣ ብዙውን ጊዜ ከቀጥታ ቁልቁል ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ነው። በመሆኑም ነፋስ ያልነካው ልሙጥ ባሕር በምስሉ ላይ ጥቁር ሲሆን፣ ነፋስ ያሸበሸበው ባሕር ብሩህ ይሆናል።

ይሁንና ሁሉም ሽብሽብ እኩል አያበራም። ሰዎች ከባድ ነገር በገመድ ሲጎትቱ እኩል «ሆ!» ብለው ካልሳቡ ጉልበታቸው ይባክናል፤ በአንድ ድምፅ ከሳቡ ግን ይደመራል። ከተከታታይ ሽብሽቦች የሚመለሱት ማስተጋቢያዎችም እንዲሁ ናቸው። በሁለት ሽብሽቦች መካከል ያለው ርቀት ከራዳሩ የሞገድ ርዝመትና ከዘንበልታው ጋር ሲጣጣም ብቻ ማስተጋቢያዎቹ እኩል ይደርሱና ይደመራሉ። ይህ ብራግ ነጸብራቅ ይባላል። በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ 5.6 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ሞገድ የሚያይ ራዳር አብዛኛውን ማስተጋቢያ የሚያገኘው 5.6 ሳንቲሜትር ርቀት ካላቸው ሽብሽቦች ነው። የሲሳት ሞገድ 23.5 ሳንቲሜትር፣ ዘንበልታውም ከ30 ዲግሪ ያነሰ ስለነበር የሚመርጠው ወደ 30 ሳንቲሜትር የሚጠጉትን ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጅረት የሚታወቀው ከክንድ በማይበልጡ ማዕበሎች አማካይነት ነው ማለት ነው። በግሌ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የበለጠ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ግንባሩ በምስሉ ላይ እንዴት ይወጣል?

ግንባር ሽብሽቦቹን የሚለውጥባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አብረው ስለሚሠሩ አንባቢው አንዱን ከሌላው መለየት አለበት።

የመጀመሪያው ከፍሰቱ ይመጣል። ፈጣን ሰልፍ ከፊቱ ያለው ሰው ሲዘገይ እንደሚጨናነቅ ሁሉ፣ በውሃ ላይ የሚጓዝ ማዕበልም የሚቃወመው ጅረት ሲገጥመው ርዝመቱ ያጥራል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ጫፉ ይሰበራል። ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ይህ መጨናነቅ ሸካራ ቀጠና ይፈጥራል፤ በምስሉ ላይም ቀጭን ብሩህ መስመር ሆኖ ይወጣል። ውሃው ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ በሚለያይበት ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ማዕበሎቹ ይለጠጣሉ፣ ምስሉም ይጨልማል።

ሁለተኛው ከቅባት ይመጣል። ደቃቅ የባሕር ሕያዋን የሚያመነጩት ዘይታማ ነገር በውሃው ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ግንባሩ ላይ ሲከማች በሳንቲሜትር የሚለኩትን ሽብሽቦች ያረግባቸዋል፤ መስመሩም ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ግንባር ብሩህ፣ ሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ያው ግንባር ራሱ ነፋሱ ሲለወጥ ከብሩህ ወደ ጥቁር የሚቀየርበት ጊዜም አለ።

ሦስተኛው ከአየሩ ይመጣል። ሞቃት ውሃ ከበላዩ ያለውን አየር ስለሚያሞቀው አየሩ ይናወጣል፤ ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስ ወደ ታች እየወረደ ውሃውን ይገርፈዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ግን አየሩ ተረጋግቶ ስለሚተኛ ነፋሱ ገጹን እምብዛም አይነካውም። በዚህ ምክንያት ሞቃቱ ወገን በሙሉ ብሩህ፣ ቀዝቃዛው በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የዚህ ዓይነት አሻራ መስመር ሳይሆን የጥላ ድንበር ነው።

ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ ለማየት፣ የገልፍ ስትሪምን ሰሜናዊ ጠርዝ የሚያሳይ ምስል ከሰሜን ወደ ደቡብ እንከተል። መጀመሪያ የምናገኘው ቀዝቃዛው የጠረፍ ውሃ ነው፤ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ቅባቱ የተሳበባቸው ቀጫጭን ክሮችም አዙሪት ባለበት ሁሉ እየተጠቀለሉ ይታዩበታል። ቀጥሎ በአንዳንድ ቦታ ደምቆ በአንዳንድ ቦታ ጠፍቶ የሚሄድ ብሩህ መስመር አለ፤ ይህ ሁለቱ ውሃዎች የሚጋፉበት ቦታ ነው። መስመሩን እንደተሻገርን የምስሉ ጥላ በአንድ ጊዜ ይነጣል፤ ወደ ሞቃቱ ጅረት መግባታችን የሚታወቀው በዚህ ነው። በዚያ በነጣው ክፍል ውስጥ የሚታዩት ረጃጅም የማዕበል ረድፎች ወደ ጅረቱ ሲገቡ አቅጣጫቸውን ይቀይራሉ፤ ከመቀየራቸው መጠንም ስለ ፍሰቱ ብርታት ፍንጭ ይገኛል።

የፀሐይ ብርሃን በባሕር ላይ ሲያብለጨልጭም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 በቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር የበረረው የውቅያኖስ ተመራማሪ ፖል ስከሊ-ፓወር፣ በፀሐይ ብልጭታው ውስጥ ጠመዝማዛ አዙሪቶች በባሕሩ ላይ በሰፊው ተበትነው ተመልክቷል። ብልጭታውም ራዳሩም የሚያነቡት የገጹን ሸካራነት ነውና።

የምስሉ አንባቢ በምን ሊሳሳት ይችላል?

ሁሉም ነገር በነፋሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነፋሱ በሰከንድ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በታች ሲሆን ሽብሽብ ስለማይኖር ባሕሩ በሙሉ ጥቁር ይሆናል፤ የሚጻፍበት ወረቀት ሳይኖር ቀለም ብቻ እንደማቅረብ ነው። በሰከንድ ከ10 ወይም ከ12 ሜትር ሲበልጥ ደግሞ የነፋሱ ሽብሽብ የግንባሩን አሻራ ይውጠዋል። ስለዚህ ግንባሩ ባይታይ የለም ማለት አይደለም።

በተቃራኒው ግንባር ሳይሆኑ ግንባር የሚመስሉ ነገሮች ሞልተዋል። የነፋስ ድንገተኛ መለወጥ በባሕር ላይ ስለታም የጥላ ድንበር ይሠራል፤ ኃይለኛ ዝናብ ገጹን ይለውጠዋል፤ መርከብ ከኋላው የሚተወው ጭራ ለረጅም ርቀት ይዘልቃል፤ በውሃው ውስጥ የሚጓዙ የውስጥ ማዕበሎችም በገጹ ላይ ብሩህና ጥቁር ረድፎችን ይጥላሉ። ጥንቁቅ አንባቢ አንድ ምስል ብቻ ይዞ አይፈርድም። ሰማዩ ጥርት ያለ በነበረበት ቀን የተገኘ የሙቀት ምስልን፣ የነፋስ መረጃንና ቀጣዮቹን የራዳር ምስሎች ያስተያያል። የነፋስ ድንበር በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፤ የታላቅ ጅረት ጠርዝ ግን ቀስ እያለ እየተጠማዘዘ ለቀናት ይቆያል።

የጅረቱን ፍጥነትስ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ብሩህነት ግንባሩ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ አይናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው የተመለሰው ሞገድ የፍሪኩዌንሲ ለውጥ ነው። ወደ እኛ የሚመጣ አምቡላንስ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል፤ ወደ ራዳሩ ከሚመጣ ውሃ የሚመለስ ሞገድም እንዲሁ ፍሪኩዌንሲው ከፍ፣ ከሚርቅ ውሃ ሲመለስ ደግሞ ዝቅ ይላል። ይህ የዶፕለር ለውጥ ይባላል።

በባሕር ላይ ይህን መጀመሪያ በግልጽ ያስተዋለው ዳግላስ ክሮምቢ የተባለ የኒውዚላንድ ተመራማሪ ነው፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1955 አሳተመ። የተጠቀመበት ፍሪኩዌንሲ 13.56 ሜጋኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት ወደ 22 ሜትር ይጠጋል፤ በባሕር ላይ የሚያዳምጠውም የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 11 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ማዕበሎች ነበር። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጥልቅ ውሃ የማዕበል ፍጥነት በርዝመቱ ስለሚወሰን፣ 11 ሜትር የሆነ ማዕበል በረጋ ባሕር ላይ በሰከንድ 4.2 ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ አስቀድሞ ይታወቃል። ራዳሩ 4.7 ሜትር ከለካ፣ ትርፉ ግማሽ ሜትር የማዕበሉ ሳይሆን ማዕበሉን ተሸክሞ የሚሄደው ጅረት ነው። ባሕሩ ራሱ መለኪያውን ይዞ እንደቀረበ ይቆጠራል።

ዛሬ በብዙ አገሮች ጠረፍ ላይ የቆሙት የባሕር ዳር ራዳሮች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። የሳተላይቱን ሞገድ ወደ ጥልቁ እንዳይዘልቅ የሚከለክለው ጨዋማነት፣ ለእነዚህ ረጃጅም ሞገዶች ግን መንገድ ይሆናል፤ ሞገዱ የባሕሩን ገጽ ተከትሎ ከአድማስ ባሻገር ይሄዳል፤ 5 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ጣቢያዎችም እስከ 200 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ይለካሉ። አንድ ጣቢያ የሚያውቀው ውሃው ወደ እሱ መምጣቱን ወይም መሄዱን ብቻ ነው፤ በጎኑ የሚያልፈውን አያውቅም። በመሆኑም ሁለት ጣቢያዎች ተራርቀው ያንኑ ባሕር ይመለከታሉ፤ ከሁለቱ ልኬት ሙሉው አቅጣጫና ፍጥነት ይገኛል።

ከሳተላይት ይህንኑ ማድረግ እጅግ ከባድ ነው። ሳተላይቱ ራሱ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ የሚፈለገው ጅረት ደግሞ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሆናል። አንቴናው የሚያይበት አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ ብቻ ቢዛነፍ፣ ከሳተላይቱ ፍጥነት ሾልኮ የሚገባው የሐሰት ፍጥነት በሰከንድ 13 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ስህተቱን ለማረም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የብስ ነው፤ መሬት ስለማይፈስ፣ ሳተላይቱ በየብስ ላይ ሲያልፍ የሚያሳየው ማንኛውም ፍጥነት የመሣሪያው ጥፋት መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛው ችግር ማዕበሉ ነው፤ ሽብሽቦቹ በትላልቅ ማዕበሎች ላይ ተሳፍረው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ነፋሱ ሲበረታ የእነሱ እንቅስቃሴ ከጅረቱ በላይ ሊሆንና መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላል። ተመራማሪው ቤርትራን ሻፕሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በኤንቪሳት መረጃ እነዚህን ለይተው የጅረት ፍጥነት ከአንድ ሳተላይት ሊነበብ እንደሚችል አሳይተዋል።

ከፍታን መለካት ከጅረት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ለታላላቅ ጅረቶች ሌላ ዓይነት ራዳር አለ። አልቲሜትር ይባላል፤ ወደ ጎን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ታች እያየ ሞገዱ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ይለካል። የባሕሩን ከፍታ በ3 ሳንቲሜትር ልክ ለማወቅ ጊዜውን በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ አምስተኛ እጅ መለካት ያስፈልጋል።

ከፍታው የሚፈለገው ባሕር ጠፍጣፋ ስላልሆነ ነው። የመሬት መሽከርከር የሚጓዝን ውሃ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ውሃው በአንድ ወገን ይቆለልና ተዳፋት ይሠራል። ገልፍ ስትሪምን ስንሻገር የባሕሩ ከፍታ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 1 ሜትር ይለወጣል፤ ይህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሳንቲሜትር ማለት ሲሆን፣ በዚያ የኬክሮስ ቦታ በሰከንድ 1 ሜትር ከሚጠጋ ጅረት ጋር ይዛመዳል። በምድር ወገብ አካባቢ ግን የመሬት መሽከርከር ግፊት ስለሚጠፋ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ነፋስ በቀጥታ የሚገፋውን የገጽ ፍሰትም አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ1992 በ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ መዞር የጀመረው ቶፔክስ/ፖሴይዶንና ተከታዮቹ የጄሰን ሳተላይቶች የውቅያኖስን ታላላቅ ጅረቶችና አዙሪቶች ለሠላሳ ዓመታት ተከታትለዋል። ሆኖም የሚያዩት ከሥራቸው ያለችውን ቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ በመስመሮቹ መካከል የሚወድቁት ትናንሽ አዙሪቶችና ግንባሮች ያመልጧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የተላከው የናሳና የፈረንሳይ የጠፈር ኤጀንሲ ሳተላይት ስዎት ይህን ለመሙላት የታሰበ ነው፤ በ10 ሜትር ተራርቀው የተዘረጉ ሁለት አንቴናዎቹ ያንኑ ማስተጋቢያ ከሁለት ቦታ እየተቀበሉ 120 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀጠና ላይ የባሕሩን ከፍታ ይስላሉ።

በተግባር ማን ይጠቀምበታል?

የአየር ንብረት አጥኚዎች የሚፈልጉት ከፍታውን ነው፤ ጅረቶች ሙቀትን ከምድር ወገብ ወደ ዋልታዎች የሚያጓጉዙበትን መጠን ከእሱ ያሰላሉ። የዘይት ፍሳሽ የሚከታተሉ ሰዎች የሚፈልጉት ምስሉንም ፍጥነቱንም ነው፤ ዘይቱ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ጅረቱ ይናገራል። አንድ የሴንቲኔል-1 ሳተላይት ወደ ያው ምሕዋር የሚመለሰው በ12 ቀናት ስለሆነ ለሰዓታት ውሳኔ ብቻውን አይበቃም፤ የባሕር ዳር ራዳሮች ግን በአብዛኛው በየሰዓቱ አዲስ ካርታ ያወጣሉ።

ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚሰማው ሰው ከመርከብ ሲወድቅ ነው። በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ጅረት በስድስት ሰዓት ውስጥ ተንሳፋፊን ሰው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ያርቀዋል፤ ፈላጊዎቹ አቅጣጫውን ካላወቁ ደግሞ በዚያ ርቀት ዙሪያውን ሁሉ፣ ማለትም ወደ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር ማሰስ ይኖርባቸዋል። የሰዓቱ የጅረት ካርታ እጃቸው ላይ ካለ ግን ፍለጋው የሚጀመረው ሰውየው ከወደቀበት ቦታ ሳይሆን አሁን ሊገኝ ከሚችልበት ጠባብ ቀጠና ነው።